አንድም ተማሪ ያላለፈባቸው ትምህርት ቤቶች፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችን ስለመደገፍ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የአክብሮት ሰላምታችንን እናስቀድማለን። እኛ በአንድ የገጠር ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናስተምር መምህራን ነን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣን የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተገለጸ በኋላ በወረዳችን የተጠራ ስብሰባ ነው። በስብሰባው ላይ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራንና መምህራን በያዝነው ዓመት ስንት ተማሪ እንደሚያሳልፉ በቁጥር ጽፈው እንዲፈርሙ ተደረገ። ቁጥሩ ካልተሟላ የደረጃ ዕድገት እንደሚታገድም ተነገረን። የእኛ ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ ነውና እኛም ፈረምን።

በፈረምንበት ወረቀት ላይ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቤተ ሙከራ፣ ስለ ጎደሉት መምህራን የሚናገር አንድ መስመር የለም። ግዴታ የገባነው እኛ ብቻ ነን። አስፈራሚው አካል በበኩሉ ምን እንደሚያቀርብልን አልተጻፈም። ይህ አሠራር የአንድ ወረዳ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ወደ እናንተ ባልጻፍን ነበር። ይሁን እንጂ ካለፉት ዓመታት የትምህርት ማሻሻያ አካሄድ ጋር አንድ ዓይነት መንፈስ ስላየንበት፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ማሻሻያውን የሚመራውን መሥሪያ ቤት ነው ብለን አመንን።

አቋማችንን ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። ፈተናው መጥበቁን እንደግፋለን። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ እስከ መሰረዝ የደረሰበትን ጊዜ አልረሳንም። ከዚያ ወዲህም መልስ በስልክ ሲዘዋወር፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ያልገባ ልጅ ሌሊት ሲያጠና ካደረው በልጦ ሲገኝ ዓይናችን እያየ አልፏል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠቱ ለሐቀኛው ተማሪ ትልቅ ውለታ ነው። ወደ ቀድሞው እንመለስ የሚል አንድም መምህር በመካከላችን የለም።

ቅሬታችን ፈተናው እውነቱን ከተናገረ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው።

በዚህ መልክ በተሰጠው የመጀመሪያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ይህ መሻሻል ነው፤ አናናንቀውም። ግን ከዚሁ ጎን ሌላ ቁጥር አለ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት 1,328፣ በሦስተኛው 1,363 ደረሱ። የሚያልፈው ተማሪ ድርሻ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ባለበት በሦስተኛው ዓመት እንኳ ማንንም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች አልቀነሱም። አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ወደ ቆጠራው መግባታቸው አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ መሻሻሉ የትኛውን በር እንዳንኳኳና የትኛውን እንዳለፈ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አናውቅም።

ጥያቄያችን ቀጥተኛ ነው። ጥር 2015 ላይ እነዚያ 1,161 ትምህርት ቤቶች በስም ሲታወቁ፣ ከታወቁ በኋላ ምን ተደረገላቸው? እኛ መመስከር የምንችለው ስለ ራሳችን ነው። ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት የኢንስፔክሽን ባለሙያዎች ቅጹን ሞልተው፣ ከደረጃ በታች መሆናችንን ነግረውን ሄዱ። ከደረጃ በታች መሆናችንንማ እኛም እናውቅ ነበር።

ከመጽሐፍ እንጀምር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2016 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ሥራ ላይ ሲውል መጽሐፉ እኛ ዘንድ የደረሰው በስልክ ነው። በቴሌግራም የተላከውን ፋይል ስማርት ስልክ ያለው መምህር አወረደው። አብዛኛው ተማሪ ስልክ የለውም። ያለው አማራጭ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከተማ ወርዶ አንድ ኮፒ ማስነሣትና በየተራ ማንበብ ነው። ይህን ደብዳቤ በመምህራኑ ስም የምጽፈው የፊዚክስ መምህር ነኝና በእጄ ያለውን ልናገር። የኮፒው ኮፒ በሆነው የፊዚክስ መጽሐፍ ላይ ሥዕሎቹ ሁሉ ጠቁረዋል። የብርሃን ስብረትን በሚያስረዳው ገጽ ላይ ጨረሩ ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚታጠፍ አይለይም፤ የሚታየው አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን እኔ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እስለዋለሁ። ከ60 በላይ ተማሪ እሱን ደብተሩ ላይ ገልብጦ እስኪጨርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ማስረዳቱ ለነገ ያድራል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሥዕል አለ። የዓመቱን ትምህርት ሸፍነን የማንጨርሰው በስንፍና አይደለም። መጽሐፍ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ሰሌዳው ላይ ስንሠራ ነው ጊዜው የሚያልቀው።

በ2017 ዓ.ም. የተፈተኑትን ልጆች አስቡ። 9ኛና 10ኛ ክፍልን በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት ተማሩ፤ 11ኛና 12ኛን በአዲሱ። በሁለቱ መካከል ሳይማሩት ያለፉት ርዕስ ምን ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያሟላላቸው የሚገልጽ መመሪያ እኛ እጅ አልገባም። የቻልነውን ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ አስተማርን።

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርትም አለ። ትምህርት ቤታችን የሚሠራ ኮምፒውተር የለውም። መምህሩ መስከረም ላይ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ሰሌዳ ከነፊደሎቹ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይስላል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡትና ጣቶቻቸውን በተሳለው ላይ እያሳረፉ ይለማመዳሉ። እንዲህ የተማሩ ልጆች ናቸው ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር እንደ ከተማ እኩዮቻቸው ይዘጋጃሉ የሚባሉት። አንዲት ተማሪያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ማውዝ የያዘችው ፈተናው ሊጀመር በተሰጣቸው ገለጻ ላይ ነበር። ከተመለሰች በኋላ እንደነገረችን ያስጨነቃት ጥያቄው አልነበረም፤ ሳታውቅ አንድ ነገር ነክታ የሠራችው እንዳይጠፋባት ስትሰጋ ነው ሰዓቱ ያለፈው። የበይነ መረብ ፈተና ስርቆትን እንደሚከላከል እንቀበላለን። ግን ኮምፒውተር ያልተሰጠውን ትምህርት ቤት በኮምፒውተር መፈተን ከእውቀት ሌላ ነገር መመዘን ነው።

ቤተ ሙከራችን የተሰበሩ ዴስኮች ማከማቻ ሆኗል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አንልም።

በቋንቋው ጉዳይ ላይ ግን ሰፋ አድርገን መናገር አለብን፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎቻችንን የሚጥለው እሱ ነው ብለን እናምናለን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። በተግባር ግን በብዙ ክፍሎች መምህሩ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ጽፎ በአካባቢው ቋንቋ ያስረዳል። ይህን የማያውቅ ሱፐርቫይዘር የለም፤ በሪፖርት ላይ ግን አይጻፍም። የእንቅስቃሴና የፍጥነት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስሰጠው ብዕሩን አስቀምጦ የሚያየኝ ተማሪ አለኝ። ያንኑ ጥያቄ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስነግረው ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ እስከ መጨረሻው ይሠራዋል። በፈተናው ቀን አጠገቡ አልገኝም፤ ውጤቱም ፊዚክስ አይችልም ተብሎ ይመዘገባል።

የዚህ ችግር ሥር ከእኛ ደጃፍ በታች ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ በገዛ ቋንቋቸው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ክፍል ሳይደግሙ ቢያድጉ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2012 ነው። ጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑት ደግሞ በሁለት ዓመት የሚያንሷቸው ታናናሾቻቸው ናቸው። እንግዲህ 97 በመቶው ወደቀ በተባለ ጊዜ አገር ሲደነግጥ እኛን የገረመን ድንጋጤው ነው። ከ12 ዓመት በፊት የተነገረ ነገር ነበር። በገዛ ቋንቋው ማንበብ ሳይችል ከክፍል ክፍል የተዛወረ ልጅ በሰው ቋንቋ ኬሚስትሪ እንዲማር ተደርጎ፣ በመጨረሻ ተጠያቂው እሱና የ12ኛ ክፍል መምህሩ ሆኑ።

ስለ መምህራን ስናነሣ ስለ ራሳችን ስለሆነ ይከብደናል፤ መዝለል ግን አንችልም። ለረጅም ዓመታት ወደ መምህርነት የሚላከው ሌላ መስክ ያልደረሰው ሰው ነበር። የሁለተኛ ደረጃ መምህር መጀመሪያ በሌላ ሙያ ተመርቆ፣ ከዚያ በአንድ ዓመት የማስተማር ሥልጠና ክፍል እንዲገባ መደረጉም መምህርነትን ሥራ ያጣ ሰው ማረፊያ አድርጎታል። በ2015 ዓ.ም. የተሰጠን የሙያ ብቃት ምዘና ይህንኑ አሳይቷል፤ መመዘናችንንም አንቃወምም። ከዚያ በኋላ በክረምት በዩኒቨርሲቲዎች የተሰጠው ሥልጠና ለብዙዎቻችን ጠቅሞናል። ነገር ግን ጥሩ መምህር እንዲገኝና እንዲቆይ ከተፈለገ ደመወዙ በወሩ መድረስ አለበት። በእኛ ወረዳ ደመወዝ ሳይከፈለን ያለፉ ወራት ነበሩ። ሱቅ በዱቤ እየበላን፣ የቤት ኪራይ እየለመንን አስተምረናል። ሳንጠየቅ ከደመወዛችን የሚቆረጠው መዋጮ ደግሞ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት የሂሳብ መምህራችን ለቅቆ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ 11ኛ ክፍሎች አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ያለ ሂሳብ መምህር ተቀመጡ። በኋላ የባዮሎጂ መምህሩ ደርቦ እንዲያስተምር ተደረገ። እነዚህ ልጆች ናቸው ዘንድሮ የሚፈተኑት። እኛ የፈረምንባቸውም እነሱ ናቸው።

ከፍተኛ ትምህርትን በሚመለከት፣ ከሩቅ ስለምናየው ብዙ አንፈርድም። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት መመለሱ፣ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጀመሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በተልዕኮ መለየታቸው አገሪቱ ከዲግሪ ብዛት ወደ ዲግሪ ጥራት ለመዞር እንደፈለገች ያሳያል። ለዩኒቨርሲቲ ያልበቁትን በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ማስተማሩም መልካም ሐሳብ ነው፤ ሆኖም በጥቂት ወራት የ12 ዓመት ጉድለት ይሞላል ብሎ የሚያምን መምህር አላጋጠመንም። ደግሞም መቁረጫ ነጥቡ እንኳ ላልተሞላላቸው ለእኛ ተማሪዎች ያ በርም ዝግ ነው። ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ የት እንደሚደርሱ የሚከታተል የለም። በዚህ መካከል የዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ በእጅጉ ቀንሷል። ከእኛ ትምህርት ቤት ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ከቀድሞው በጣም ያነሰ ተማሪ የሚጠቀምባቸው ቤተ ሙከራዎች አሉ። የእኛ ልጆች ደግሞ ቢከር የሚባለውን የቤተ ሙከራ ብርጭቆ እንኳ በሥዕል ብቻ ነው የሚያውቁት። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ጠፋ።

በጦርነትና በግጭት ስላሉት አካባቢዎች መናገር ያለባቸው እዚያ ያሉት ባልደረቦቻችን ናቸው። በትግራይ ልጆች በወረርሽኙና በጦርነቱ ሳቢያ ሦስት ዓመት ያህል ከክፍል ርቀው ቆይተዋል። በአማራ ክልልም ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው። እነዚህን ልጆች በአንድ መቁረጫ ከሌሎች ጋር ማሰለፍ ፍትሕ መሆኑን ሚኒስቴሩ ደግሞ እንዲያየው እንለምናለን።

አንድ የቆየ ነገር እናስታውስ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በተለምዶ ሴክተር ሪቪው የሚባለው፣ መምህራን ሳይሳተፉበት ተዘጋጀ። ይዘቱ ሲሰማ መምህራን ተቃወሙት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ከተነሣው የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ጥያቄዎች አንዱም እሱ እንዲቀር ነበር። ዛሬ አድማ የሚያስብ በመካከላችን የለም፤ ይህን የምናነሣው በጥናቱ ውስጥ ጠቃሚ ሐሳቦች እያሉም ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ስላልተጠየቀ ብቻ አብረው ስለወደቁ ነው። የትምህርት ፍኖተ ካርታው ለውይይት በቀረበ ጊዜ እኛም ተጠርተን ተናግረናል። ስለ መጽሐፍ ኅትመት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ቤተ ሙከራ የተናገርነው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ከዚያ ወዲህ ስላነሣናቸው ነጥቦች የደረሰን ምላሽ የለም። የ10ኛ ክፍል ፈተና መቅረቱን እንኳ የሰማነው እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ማንንም ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር የወቀሳ ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ የበጀት ዝርዝር እንዲሆን። ውጤት በተገለጸ በሦስት ወር ውስጥ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የጎደለው መጽሐፍ፣ መምህርና መሣሪያ ተቆጥሮ ማን፣ መቼ እንደሚያሟላው በጽሑፍ ይገለጽ፤ ለሕዝብም ይፋ ይሁን። እኛ የፈረምንበት ዓይነት ሰነድ የሚቀጥል ከሆነ ሁለት ወገን ይፈርምበት። በአንዱ በኩል መምህሩ ምን እንደሚሠራ፣ በሌላው በኩል ወረዳው፣ ክልሉና ሚኒስቴሩ ምን እንደሚያቀርቡ ይጻፍ። የደረጃ ዕድገት እገዳ በተማሪ ማለፍና መውደቅ ላይ እንዳይመሠረትም ግልጽ መመሪያ ይውጣ።

የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መጻሕፍት ታትመው ለእያንዳንዱ ተማሪ ይድረሱ። ይህ እስኪሆን ድረስ ቢያንስ የሂሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ማንንም ላላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ ተሰጥቶ ይታተሙ።

ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አብዛኛው ጊዜ ለእንግሊዝኛ እንዲውል ይፈቀድልን። ሌላው ትምህርት በዚያው ልክ ይቀነስ። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ባሉት ደግሞ ማንበብ የማይችል ልጅ እንዳይዘለል በየዓመቱ የንባብ ምዘና ይካሄድ፤ ውጤቱም ለወላጅ ይነገር።

ኮምፒውተር በሌላቸው ትምህርት ቤቶች ያሉ ተፈታኞች ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለማመዱ በበይነ መረብ እንዳይፈተኑ፤ ወረቀት ይሰጣቸው።

ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት የሥራቸው አካል ነውና፣ በአቅራቢያቸው ካሉ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ጋር በውል ይተሳሰሩ። ቅዳሜና እሑድ ቤተ ሙከራቸው ለተማሪዎቻችን ይከፈት። የመምህርነት ሠልጣኞቻቸው አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት እኛ ዘንድ እያስተማሩ ይለማመዱ። ማደሪያ ክፍል እኛ እናዘጋጃለን፤ ወላጆችም ተስማምተዋል።

የመምህራን ደመወዝ በወሩ መከፈሉን ሚኒስቴሩ ከክልሎች ጋር ሆኖ ይከታተል። ያለ ፈቃዳችን የሚደረግ ቅነሳ ይቁም።

በመጨረሻም፣ ማሻሻያውን በሚመለከት ወደፊት በሚወሰነው ሁሉ በሥራ ላይ ያሉ የገጠር መምህራን ተወካዮች በኮሚቴ አባልነት ይቀመጡ። ላነሣናቸው ነጥቦች እስከ መጪው የትምህርት ዘመን አጋማሽ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መልሱ ‘አይቻልም’ ቢሆንም እንኳ ምክንያቱን ማወቅ እንፈልጋለን፤ ለተማሪዎቻችን የምንነግራቸው ነገር ያስፈልገናል።

ከአክብሮት ጋር፣

በአንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ስም፣
የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊና የመምህራን ተወካይ

ግልባጭ፦
ለክልል ትምህርት ቢሮዎች
ለኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር
ለተማሪ ወላጆች